«ጢጥ» ማለት «ልክ ነው» ማለት አይደለም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። አቦሉ ላይ ጀምሩት፣ በረካው ላይ ትጨርሱታላችሁ።

የማወራው ስለ ባርኮድ ነው። «የታሪክ አስተማሪ ባርኮድ ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባኛል። ካስተማርኳችሁ ልጆች ውስጥ ዛሬ ኮምቦልቻ መጋዘን የምትሠሩ፣ ደሴ መድኃኒት ቤት የቆማችሁ፣ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ካሸር የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። በቀን ስንት መቶ ጊዜ ያችን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ደግሞም እያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያላወቀ ሰው ዕቃው ሲያጠፋ ጥፋቱን በራሱ ይወስዳል።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር። ያች ድምፅ የምትለው «አንድ ቁጥር አንብቤያለሁ» ነው። «ትክክለኛውን ቁጥር አንብቤያለሁ» አላለችም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለመዝጋት ሰዎች ከ70 ዓመት በላይ ደክመዋል። ክፍተቱ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ ዕዳው የሚወድቀው ማሽኑን ይዞ በቆመው ሰው ላይ ነው።

(ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ከተማ ነው። በ1948 የአንድ የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ኩባንያ ኃላፊ ድሬክሰል ወደሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ሄዶ ዲኑን ያነጋግራል። ደንበኛው ሊከፍል ሲመጣ የዕቃውን መረጃ በራሱ የሚያነብ ዘዴ ፈልጉልኝ ይላል። ዲኑ ነገሩን አልተቀበለውም። በርናርድ ሲልቨር የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን ወሬውን በጆሮው ጠልፎ ለጓደኛው ለኖርማን ጆሴፍ ዉድላንድ ነገረው።

ዉድላንድ በልጅነቱ ቦይ ስካውት ሳለ የሞርስ ኮድ ተምሯል፤ ነጥብና ሰረዝ፣ የቴሌግራፉ ፊደል። በ1949 መጀመሪያ ማያሚ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ሲያስብ ጣቶቹን አሸዋው ውስጥ ከተተና ወደ ራሱ ጎተታቸው። አራት መስመር ተሰመረ። ነጥቡም ሰረዙም ወደ ታች ቢጎተት ቀጭንና ወፍራም መስመር ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ጥቅምት 1949 የፈጠራ ማመልከቻ አስገቡ፤ ጥቅምት 7 ቀን 1952 ጸደቀላቸው። ከጊዜ በኋላ መብቱን በ15,000 ዶላር ሸጡት። የሚያነበው መብራትና የሚያሰላው ኮምፒዩተር ገና ስላልደረሱ ሐሳቡ ብዙ ዓመት ተኛ።

መጀመሪያ በሰፊው የሞከሩት የባቡር ድርጅቶች ናቸው። ዴቪድ ኮሊንስ የሚባል መሐንዲስ በፉርጎዎች ጎን ላይ የሚለጠፍ ባለቀለም መስመር ሠራ። ስሙ ካርትራክ ይባላል፤ የአሜሪካ ባቡሮች ማኅበር በ1967 ተቀበለው። ፉርጎው እየሮጠ በሐዲዱ ዳር ያለው ማሽን ያነበዋል። ምን ዋጋ አለው! ፉርጎ ከሰል ይጭናል፣ ጭቃ ይረጨዋል፣ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ እስከ 20 በመቶ የሚደርሰው መለያ የማይነበብ ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጣለ።

ሱፐርማርኬቶችስ? ዉድላንድ ያሰበው አንዱ መልክ ክብ ነበር፤ እንደ ዒላማ፣ ክብ በክብ ላይ። ለማንበብ ይመቻል፤ ዕቃውን በየትኛውም በኩል ብታዞረው ያው ክብ ነው። ችግሩ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጣ። ወረቀቱ በማተሚያው ውስጥ ሲያልፍ ቀለሙ ትንሽ ይንሸራተታል። ክብ ላይ ቀለም ከተንሸራተተ መስመሩ ይወፍራል፤ ቀጭን የነበረው ወፍራም መስሎ ይነበባል። የአይቢኤሙ ጆርጅ ሎረር ክቡን ትቶ ቀጥ ያሉ መስመሮችን መረጠ። ቀለሙ በመስመሩ አቅጣጫ ቢንሸራተት መስመሩ ይረዝማል እንጂ ውፍረቱ አይለወጥም። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ኢንዱስትሪው ከኮዱ የጠየቀውን ልብ በሉ። በሰከንድ 2.5 ሜትር ገደማ በሚሄድ ዕቃ ላይ ይነበብ፤ በየትኛውም አቅጣጫ ይነበብ፤ ሳይታወቅ የሚያልፍ ስህተት ደግሞ ከ20,000 ንባብ ከአንድ አይብለጥ። «ስህተት አይኑር» አላሉም። «ሳይታወቅ የሚያልፍ ስህተት» ነው ያሉት። የሎረር ንድፍ ሚያዝያ 3 ቀን 1973 ተመረጠ። ሰኔ 26 ቀን 1974 ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ ማርሽ በሚባል ሱፐርማርኬት፣ የመጀመሪያው ዕቃ ጢጥ አለ። የሪግሊ ማስቲካ ነበር፤ ዋጋው 67 ሳንቲም።

*

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። አንዱ ማሽኑ ማንበብ ሲያቅተው ነው። ዝም ይላል፤ ዕቃውን ታዞሩታላችሁ፣ ላስቲኩን ትወጥሩታላችሁ፣ እምቢ ካለ ቁጥሩን በእጃችሁ ትጽፋላችሁ። ያናድዳል፣ ጊዜ ይበላል፣ ሰልፉ ይረዝማል፤ ግን ማንንም አይዋሽም። ሁለተኛው ማሽኑ አሳስቶ አንብቦ ጢጥ ሲል ነው። ይህኛው አያናድድም። ሁሉም ደስ ብሎት ያልፋል። ጉዱ የሚወጣው ከወር በኋላ፣ ቆጠራ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማሽን እንደማይናገር ምስክር ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሐሰተኛ ምስክር። ዳኛ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። እኛ ደጋኖች ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነን፤ የባቲን ሰኞ ገበያ አላስተዋውቃችሁም። ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ከብቱንና ጨውን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ነው። በእንዲህ ያሉ ገበያዎች ብዙ ዘመን የተሠራበት ገንዘብ ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ሲመታ ሁልጊዜ 1780 እየተባለ ይጻፍበት ነበር። ለምን? ሌላ ዓመት የተጻፈበትን ነጋዴው አይቀበልማ! ዓመቱን ቢያነብም ባያነብም የንግሥቲቱን ጌጥ ይመረምራል፣ በዘውዷ ላይ ያሉትን ነጥቦች በጣቱ ይቆጥራል። ቁጥሩ ካልሞላ ብሩ ተመላሽ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ እንኳን ሕዝቡ ከማርትሬዛው ቶሎ አልላቀቅ ብሎ አስቸግሯል።

ይህን ስትሰሙ «ግትርነት ነው» አትበሉ። ነጋዴው የሠራው ዛሬ ስካነር ላይ የምንሠራውን ነው። ምን እንደሚቀበል አስቀድሞ ወስኗል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ አይገባም።

ሌላም አለ። በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡ ሊቃውንት በየዓመቱ ሁለት ቁጥር ያሰላሉ፤ አበቅቴና መጥቅዕ። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ስናካፍለው 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አሁን ደምሩ፤ 12 ሲደመር 18፣ 30። በየትኛውም ዓመት ብትሠሩት የሁለቱ ድምር ከ30 አይወጣም፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸውና። ተማሪው ሲያሰላ ተሳስቶ ድምሩ 29 ቢመጣበት መምህሩ ሳይቆጣው በፊት ቁጥሩ ራሱ ይቆጣዋል።

በዐረብኛ በእጅ የተጻፉትን የቆዩ ኪታቦች ያየም ያውቃል። ከገጹ ግርጌ ጥግ ላይ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ብቻዋን ትጻፋለች። ቅጠሉ ቢቀያየር ወይም ቢወድቅ ያች አንዲት ቃል ታጋልጣለች። ሁሉም አንድ ሐሳብ ነው፤ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ጠባቂ ይጻፋል።

*

ባርኮድ ውስጥም እንዲህ ያለ ጠባቂ አለ። የመጨረሻዋ አኃዝ ናት። ቼክ ዲጂት ይሏታል፤ እኔ «ማረጋገጫ አኃዝ» እላታለሁ።

ቤታችሁ ያለ በኢትዮጵያ የታተመ መጽሐፍ ገልብጡ። የጀርባው ቁጥር 978 99944 ብሎ የሚጀምር ከሆነ 99944 ለኢትዮጵያ የተሰጠ ነው። ለልምምድ ያህል 978999440012 የሚል ቁጥር እንውሰድና 13ኛዋን እናግኝ። አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ እያልን ያሉትን እንደምር፤ 9+8+9+4+0+1=31። ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ እያልን ያሉትን እንደምርና በ3 እናባዛ፤ 7+9+9+4+0+2=31፣ በ3 ሲባዛ 93። በአንድነት 124። ወደ 130 ለመድረስ 6 ይጎድላል። 13ኛዋ አኃዝ 6 ናት።

ስካነሩ ባነበበ ቁጥር ይህን ስሌት ይሠራል። ሰባተኛ ላይ ያለችውን 4 ተሳስቶ 9 ብሎ ቢያነባት ድምሩ 135 ይሆናል፤ በ10 ስለማይካፈል ዝም ይላል። አንዲት አኃዝ ብቻ ከተሳሳተች ሁልጊዜ ትያዛለች። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ቢቀያየሩም አብዛኛውን ጊዜ ይያዛል፤ ልዩነታቸው 5 ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ 2 እና 7፣ ያመልጣል። ብዙ አኃዝ በአንድ ላይ ከተበላሸ ደግሞ በአጋጣሚ ከ10 አንዱ ሾልኮ ያልፋል። ጠባቂ ናት፣ ግን አንድ ጠባቂ ናት።

ጉዱ ያለው ሁሉም ባርኮድ ይህችን ጠባቂ የግድ አለመያዙ ላይ ነው። ለእኛ ሁሉም ጥቁር መስመር ነው፤ ለማሽኑ ግን ባርኮድ ብዙ ቋንቋ ነው። በ1972 ኢንተርሜክ በሚባል ኩባንያ ውስጥ ዴቪድ አሌ የሚባል ሰው «ሁለት ከአምስት» የሚባለውን ሠራ። እያንዳንዱ አኃዝ አምስት መስመር አለው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ወፍራም ናቸው። አንዱ አኃዝ በጥቁሩ መስመር፣ ቀጣዩ በመካከሉ ባለው ነጭ ክፍተት ይጻፋል። ሁለቱ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። ቦታ ይቆጥባል፣ ሻካራ ካርቶን ላይም ቢታተም ይነበባል። በጅምላ ካርቶን ላይ የምታዩት ትልቁ ባለ 14 አኃዝ ባርኮድ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ድክመቱ መጀመሪያውና መጨረሻው ቀላል መሆኑ ነው። የመነሻው ምልክት አራት ቀጭን መስመርና ክፍተት ብቻ ነው፤ በኮዱ መሐልም የሚመስለው ሊገኝ ይችላል። የስካነሩ ብርሃን ዘንበል ብሎ በላይ ገብቶ በጎን ሳይሆን በታች ከወጣ፣ ከ14ቱ ስድስቱን ወይም ስምንቱን ብቻ አንብቦ «ጨረስኩ» ሊል ይችላል። ጢጥ! በካርቶን ላይ ያለውን ባርኮድ ዙሪያውን ወይም ከላይና ከታች ወፍራም ጥቁር መስመር ሲከበው አይታችኋል? ለውበት የተደረገ አይደለም። ብርሃኑ ዘንበል ካለ ያን ወፍራም መስመር ይመታና ንባቡ ይበላሻል፤ ማሽኑ ዝም ይላል። ዝምታን ለመግዛት የታተመ ቀለም ነው።

*

አሁን ወደ አንዲት ተማሪዬ ልምጣ። ስሟንም የመሥሪያ ቤቷንም አልጠራም። ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ወጪ የምታደርግ ጎበዝ ልጅ ናት። አንድ ማታ ደወለች። «ቲቸር፣ 11 ካርቶን ጎደለብሽ ተባልኩ። ከደሞዜ ሊቆርጡ ነው። ወላሂ አንዲት ካርቶን አልነካሁም» አለችኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «አብሽሪ፣ መጀመሪያ መዝገቡን እንይ» አልኳት።

የሲስተሙን ዝርዝር በቴሌግራም ላከችልኝ። የጎደለውን ዕቃ ትተን ሌላውን ማየት ጀመርን። ከዝርዝሩ ግርጌ ስም የሌለው፣ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ያለው ዕቃ አለ። ቀሪው፣ ከዜሮ በታች 11። መቼም ያልገባ ዕቃ 11 ጊዜ ወጥቷል!

ያ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ከየት መጣ? የጎደለውን ዕቃ ካርቶን ፎቶ አስላክኳት። ስድስቱ አኃዞች በባለ 14 አኃዙ ቁጥር ውስጥ እንደ ተደረደሩ ቁጭ ብለዋል። ካርቶኑ ላይ ክፈፉ አልታተመም። ስካነሩ ደግሞ «ሁለት ከአምስትን በማንኛውም ርዝመት ተቀበል» ተብሎ ነበር የተስተካከለው። በዚያ ላይ ሲስተሙ የማያውቀው ቁጥር ሲመጣለት ከመከልከል ይልቅ አዲስ መስመር ይከፍታል። ሦስት በር ክፍት፤ ተከሳሽ ግን አንዲት ልጅ።

የስካነሩን ማኑዋል ፈልገን አገኘን። የማታውቁ ካላችሁ፣ ስካነር የሚታዘዘው በራሱ ቋንቋ ነው። ማኑዋሉ ውስጥ የትእዛዝ ባርኮዶች ታትመዋል፤ የምትፈልጉትን ስታስነብቡት ይለወጣል። «ርዝመት 14 ብቻ» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ማረጋገጫ አኃዙን መርምር» የሚለውን በኃላፊዋ ፊት አስነበበች። ከዚያ ካርቶኑን ሆን ብላ አጣመመችው። ዝም። ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ጢጥ፣ 14 አኃዝ። ኃላፊው ምንም አላለም አሉ፤ ቅጣቱ ግን ተነሣ። ይህን ሁሉ ለማስተካከል የፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። ልጅቱ ያልተኛችባቸው ሌሊቶች ግን ከአምስት ይበልጣሉ።

*

እንግዲህ ለምትሠሩበት ሰዎች የሚጠቅመውን በተራ ልበል።

አንደኛ፣ የማትጠቀሙበትን የባርኮድ ዓይነት ዝጉት። አብዛኛው ስካነር ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ዓይነት እንዲያነብ ተከፍቶ ነው የሚመጣው። መደብራችሁ ባለ 13 አኃዙን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ሌላው ምን ይሠራል? የማያስፈልግ ክፍት በር ነው።

ሁለተኛ፣ ርዝመቱን ወስኑ፣ ማረጋገጫ አኃዙንም እንዲመረምር እዘዙ። በተለይ «ሁለት ከአምስት» ላይ። በ1974 የተሠራው «ኮድ 39» የሚባለው ፊደልም ቁጥርም የሚጽፈውም ላይ ማረጋገጫው በፈቃደኝነት ነው፤ ካላዘዛችሁት አይመረምርም።

ሦስተኛ፣ ዜሮን ጠብቁ። የአሜሪካው ኮድ 12 አኃዝ ነው፣ የአውሮፓው 13። የአሜሪካው ከፊቱ ዜሮ ሲጨመርበት 13 ይሆናል። አንዱ ስካነር በዜሮው፣ ሌላው ያለ ዜሮው ከላከ አንድ ሳሙና ሁለት ዕቃ ይሆናል። ኤክሴል ላይ የምትመዘግቡ ደግሞ አምዱን «ጽሑፍ» ብላችሁ ወስኑት፤ አለበለዚያ ኤክሴል ከፊት ያለችውን ዜሮ ይውጣታል።

አራተኛ፣ ይህች የእኛው ናት። ብዙው ስካነር ለኮምፒዩተሩ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ያነበበውን «ይተይባል»። ኮምፒዩተሩ ላይ የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ከተረሳ በኮዱ ውስጥ ያሉት የላቲን ፊደሎች ወደ ግዕዝ ፊደል ይለወጣሉ። ካፕስ ሎክ በርቶ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ደብዳቤ ጽፋችሁ ወደ ስካን ስትመለሱ መጀመሪያ ቋንቋውን ተመልከቱ።

አምስተኛ፣ አንዱን ዕቃ ሁለቴ እንዳያነብ የሚያቆመውን የጊዜ ልክ አስተካክሉ። በጣም ካጠረ አንድ ዘይት ሁለት ይሆናል። በጣም ከረዘመ ደግሞ በእርግጥ ሁለት ዘይት የገዛውን አንድ ብሎ ያልፈዋል።

ስድስተኛ፣ ሲስተሙ ለማያውቀው ቁጥር አዲስ መስመር አይክፈት፤ ይቁም፣ ሰው ይጥራ።

*

መድኃኒት ቤት ላላችሁ ለብቻ እናገራለሁ፤ እዚያ የሚጎድለው ካርቶን አይደለም፣ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቶች ከአምራቹ እስከ ታካሚው ድረስ በዓለም አቀፉ የጂኤስ1 መለያ እንዲታወቁ እየሠራ ነው። በመድኃኒቱ ፓኮ ላይ ያለችው ትንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ አራት ነገር ልትይዝ ትችላለች፤ የምርቱን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የባች ቁጥሩንና የፓኮውን ተከታታይ ቁጥር። የምርቱ ቁጥር ሁልጊዜ 14 አኃዝ ነው፣ ቀኑ ሁልጊዜ 6። ባቹ ግን ርዝመቱ ይለያያል። ስለዚህ ባቹ የት እንደሚያበቃ የምትነግር፣ በዓይን የማትታይ መለያያ ምልክት በመሐል ትገባለች። ስካነሩ ያችን ምልክት እንዲልክ ካልተስተካከለ ባቹና ተከታታይ ቁጥሩ ተጣብቀው አንድ ረጅም ባች ይሆናሉ። አንድ ቀን «ይህ ባች ችግር ስላለበት ከገበያ ይሰብሰብ» ሲባል፣ መዝገባችሁ ውስጥ ብትፈልጉት አይገኝም። መደርደሪያው ላይ ግን ተቀምጧል።

ቀኑም ወጥመድ አለው። 270331 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 31 ቀን 2027 ነው፤ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2019 ዓ.ም.። 27ቱን አይቶ «2027 ዓ.ም.» ብሎ የመዘገበ ሰው መድኃኒቱን ስምንት ዓመት አስረዘመው ማለት ነው። ኮዱ ፍጹም ልክ ተነቧል፤ ማረጋገጫውም አልፏል። ስህተቱ የገባው ከንባቡ በኋላ ነው።

ተማሪዎች ለሆናችሁም ይህ ከእናንተ የራቀ አይምሰላችሁ። ብሔራዊ ፈተና በወረቀት ሲሰጥ መልስ መስጫውን የሚያነበው ማሽን ነው። ክቡን አጥቁሩ፣ ስትቀይሩ በደንብ አጥፉ፣ የጥያቄ ወረቀቱን ኮድ አትርሱ እያልን የምንጨቀጭቃችሁ ስለዚሁ ነው። ማሽኑ ልባችሁን አያይም፤ እርሳሱን ነው የሚያየው።

*

ከዚህ ሁሉ ለአለቆች የምለው አንድ ነገር አለኝ። ጉድለት ሲገኝ ከሰው በፊት መዝገቡን ጠይቁ። «ያልገባ የወጣ ዕቃ አለ? ርዝመቱ ያነሰ ቁጥር አለ? አንዱ ላይ የጎደለው ሌላው ላይ ተርፏል?» በሉ። ሌባ አለ፤ የለም አልልም። ሌባ ግን ብዙ ጊዜ ባለ 6 አኃዝ ዱካ ትቶ አይሄድም። የወር ደሞዟን ለእናቷ የምትልክ ልጅ ላይ ከመፍረድ በፊት ማኑዋሉን መክፈት ምን ይከብዳል?

ለእናንተ ለልጆቼ ደግሞ፣ ስካነር ሲሰጣችሁ ማኑዋሉንም ጠይቁ። ጢጥ ስትል ጆሯችሁ ብቻ አይስማ፤ ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ይሁን። ከቁጥሩ ጎን የዕቃው ስም ይወጣል፤ በእጃችሁ ካለው ጋር ይመሳሰላል? ያ የናንተ የዘውድ ነጥብ ቆጠራ ነው፤ አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

በሉ የቤት ሥራ። ቤታችሁ ካለ ሳሙና፣ ብስኩት ወይም መጽሐፍ ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ውሰዱ። የመጨረሻዋን በእጃችሁ ሸፍኑና ከላይ ባሳየኋችሁ ስሌት አግኟት። የዕቃውን ዓይነትና ያገኛችኋትን አኃዝ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አርማለሁ። መጋዘን ወይም መድኃኒት ቤት የሚሠራ ወዳጅ ያላችሁ ይህን ላኩለት።

ሰላም ሁኑ። ከደጋን።